መግል፣ ኩፍኝ፣ እንገር፦ ስለ ሰውነታችን መከላከያ ለጠየቃችሁኝ

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም መመርመር ነው። ሰውነታችን በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሶቼ።

ጣቴን እሾህ ወግቶኝ መግል ቋጠረ። ብብቴ ስርም ንፍፊት ወጣ። ምን አገናኛቸው?

መግሉ በአብዛኛው የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ኒውትሮፊል ይባላሉ። ቆዳ ሲቀደድ ቀድመው ደርሰው ባክቴሪያውን ይውጣሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። ከጣትህ የሚመለሰው ፈሳሽ ደግሞ ብብትህ ስር ባሉት ዕጢዎች ይጣራል። ለዚያ ባክቴሪያ የሚገጥሙ ሕዋሳት እዚያ ተመርጠው ይባዛሉ፤ ለዚህ ነው ያበጠው። ቅላቱ ወደ ክንድህ ከወጣ ወይም ካተኮሰህ ግን ዛሬውኑ ታከም ወንድሜ። ንፍፊቱም ሳምንታት ከቆየ አሳየው።

ልጄ ዘጠኝ ወር ሊሞላት ነው። አማቴ «ኩፍኝ የማይወጣበት ልጅ የለም፣ ወጥቶላት ይለፍ» ይላሉ። ላስከትባት?

አስከትቢያት እህቴ። አማትሽ አንድ እውነት ይዘዋል፦ ኩፍኝ አንዴ ከያዘ አይደግምም። በ1846 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት ፋሮ ደሴቶች ላይ ኩፍኝ ገብቶ አብዛኛውን ሕዝብ አሳመመ። ፓኑም የሚባል የዴንማርክ ሐኪም ሲያጣራ፣ በ1781 ታመው የነበሩ አረጋውያን አንዳቸውም አልተያዙም። ከ65 ዓመት በኋላ! ሰውነት ያሸነፈውን ጀርም የሚያስታውሱ ሕዋሳት ስላሉት ነው።

ክፋቱ፣ የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው እነዚህኑ የማስታወሻ ሕዋሳት ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ኔዘርላንድ ውስጥ ያልተከተቡ 77 ልጆችን ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መረመረ። ከነበራቸው ልዩ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል (ጀርምን ለይቶ የሚይዝ የደም ፕሮቲን) ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቷል። ልጅቷ ከኩፍኙ ብትድንም፣ ስለ ሳንባ ምችና ስለ ተቅማጥ የተማረችውን ልትረሳ ትችላለች ማለት ነው። ክትባቱ ኩፍኝን ያስተምራታል፣ ሌላውን አያስረሳትም። በ15 ወሯ ሁለተኛው አለ፤ እሱንም እንዳትረሺ። እባክሽ ይህን ለአማትሽ በአክብሮት አንብቢላቸው።

ወልጄ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እናቴ «ቢጫው ወተት ያማል፣ ይደፋ» አሉኝ።

አይደፋ! ገበሬ ጥጃውን እንገር አይከለክልም። ጥጃ እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ፀረ እንግዳ አካል አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። የሰው ልጅ በእንግዴ ልጁ በኩል የተወሰነ ይዞ ይወለዳል። እንገሩ ደግሞ የአንጀቱን ግድግዳ የሚጠብቅለትን ይጨምርለታል። አንቺ ታመሽ ያሸነፍሻቸው በሽታዎች ትምህርት እዚያች ጠብታ ውስጥ አለ። ቅቤም ሆነ ውኃ አታቅምሺው። እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ማርና ነጭ ሽንኩርት ኢሙዩኒቲ (የሰውነት መከላከያ) ይጨምራሉ?

ማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሳል ያስታግሳል። ከዚያ ያለፈ ተስፋ ለማሩም ለነጭ ሽንኩርቱም አልሰጥም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም፤ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ከኤችአይቪ ጋር እኖራለሁ። ሲዲ ፎሬ ከፍ ብሏል፣ ቫይረሱም በምርመራ አይታይም። ኪኒኑን ላቁም?

አታቁም። ሲዲ ፎር መከላከያውን የሚያዙት ሕዋሳት ናቸው፤ ቁጥራቸው ያገገመው በመድኃኒቱ ነው። ቫይረሱ የማይታየው ስለሌለ ሳይሆን ስለተደበቀ ነው። የተደበቀውም ለዓመታት በሚቆዩት በማስታወሻ ሕዋሳት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የዛሬዋን ኪኒን ውጠሃታል?