መልስ፦ ከማይኤስኪውኤል 8.0 በኋላ የተበላሸ አማርኛ

ጽሑፉ አልጠፋም። ሆስቲንጉ ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ ከ5.7 ወደ 8.0 ካሳደገ ወዲህ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው የደንበኛህ ሱቅ ሳይት ላይ የዕቃ ስሞች የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል የሆኑት፣ የዳታቤዙ ሰንጠረዦች ለላቲን ፊደላት በተሠራው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ሥርዓት)፣ በላቲን1፣ ስለተፈጠሩ ነው። በ5.7 የሰርቨሩ ነባሪ ኢንኮዲንግ ላቲን1 ነበር፤ በ8.0 አማርኛንም የሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሆኗል። አሁን ሰርቨሩ ሰንጠረዡ ውስጥ ያለውን ትክክለኛ የአማርኛ ባይት እንደ ላቲን ፊደል ቆጥሮ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንደገና ይቀይረዋል። «ሸ» 3 ባይት ስለሆነች ሦስት ምልክት ሆና ትወጣለች።

ለዛሬ በኮዱ ውስጥ የዳታቤዝ ግንኙነቱን ኢንኮዲንግ ላቲን1 አድርገው፤ ስሞቹ ወዲያው ይነበባሉ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ይኸው፦

1. ሳይቱን ለጊዜው ዝጋና ባክአፕ ውሰድ።
2. የቫርቻር (አጭር ጽሑፍ) ዓምዶችን ርዝመታቸውን ሳትነካ ወደ ቫርባይነሪ፣ የቴክስት (ረጅም ጽሑፍ) ዓምዶችን ወደ ብሎብ ቀይር፤ ሁለቱም ጥሬ ባይት ብቻ የሚይዙ ዓይነቶች ናቸው።
3. ወደ ነበሩበት ዓይነት መልሳቸው፤ አሁን ግን በዩቲኤፍ8ኤምቢ4። ባዶ እንዳይሆኑ የተከለከሉትንና ነባሪ ዋጋ ያላቸውን ዓምዶች ትእዛዙ ላይ ደግመህ ጻፍ፣ አለዚያ ክልከላውና ነባሪ ዋጋው ይጠፋል።
4. ግንኙነቱንም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርግ።

ደረጃ 2ን ዘለህ በቀጥታ የሰንጠረዡን ኢንኮዲንግ በሚቀይረው «ኮንቨርት ቱ» ትእዛዝ ከተጠቀምክ ዝብርቅርቁ ራሱ በቋሚነት ይቀመጣል። ከማሻሻያው በኋላ ገብተው የጥያቄ ምልክት የሆኑ ስሞች አይመለሱም፤ እንደገና ይጻፉ።

ባክአፑን ድሬዳዋ ሆነህ በስልክ ኢንተርኔት ከማውረድ እዚያው ሰርቨሩ ላይ አውጣው። የመጨረሻው መስመር «ደምፕ ኮምፕሊትድ» ካላለ መሃል ላይ ተቋርጧል፣ አትመነው። የ8.0ን ዳታቤዝ ባለበት ወደ 5.7 ማውረድ አይቻልም፤ መመለሻህ ያ ፋይል ብቻ ነው።