ሥልጠናው ከእናንተ ጋር አብሮ እንዳይሄድ

ለወጣት የጤና ባለሙያዎች፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሥልጠና ገንዘብ ነው። ደረቅ ርዕስ እንደሚመስል አውቃለሁ። ገንዘቡን ሂሳብ ክፍል ያስብበት፣ እኛ በሽተኛ እንይ ትሉ ይሆናል። ግን ስለ ኤች አይ ቪ ሕክምና ሲወራ ሁሌም የሚወራው ስለ መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱን ያስጀመረችው ነርስ ከየት ተማረች? ላስተማራትስ ማን ከፈለ? ከፋዩ አልከፍልም ያለ ቀንስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

እኔ ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አማራ ክልል ነው። መጀመሪያ ኤአርቲ፣ ማለትም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክሊኒክ ሠራሁ፤ በኋላ አሠልጣኝና ሜንተር (ባለሙያውን በሥራ ቦታው የምታስተምር) ሆኜ በየወረዳው ዞርኩ።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሥራችን ማስታመም ነበር። ተቅማጡን፣ ሳንባ ነቀርሳውን፣ የአፍ ቁስሉን እናክማለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር በእጃችን የለም። በ1995 ዓ.ም. ገደማ መድኃኒቱ በክፍያ መጣ። አቅም ያለው ገዛ። የሌለው ከብቱን ሸጦ ጀመረ፣ ብሩ ሲያልቅበት አቋረጠ። ነገሩ የተለወጠው በ1997 በነፃ መሰጠት ሲጀምር ነው።

ያኔ ደግሞ ሌላ ችግር ፈጠጠ። መድኃኒቱ አለ፣ የሚሰጠው ባለሙያ የለም። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ያለውም ትልልቅ ከተማ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ ነበረበት፤ ጤና ጣቢያ ላይ ያለነው ደግሞ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነን። ከ1999 ገደማ ጀምሮ ወረደ። «ነርስ እንዴት ኤአርቲ ታስጀምራለች?» ያሉ ነበሩ። እውነት ለመናገር የሚያሰጋ ነገር ነበረው። የዚያን ጊዜ መድኃኒቶች እንደዛሬዎቹ አልነበሩም። ኔቪራፒን ቆዳ የሚልጥ ሽፍታ ሊያመጣ፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ስታቩዲን እግር ያቃጥላል፣ የጉንጭ ሥጋ ያሟጥጣል። ጎረቤት ፊቴን አይቶ ያውቅብኛል ብሎ መድኃኒቱን የሚተው ሰው ነበር። ሳንባ ነቀርሳ እንዳለበት ሳይታወቅ ኤአርቲ የጀመረ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ሊብስበት ይችላል። እኛ ኮሌጅ በገባንበት ዘመን ይህንን የሚያስተምር አልነበረም። የተማርነው በሥራ ላይ ሥልጠና ነው።

ታዲያ ማን ከፈለ? ሕንፃውና ደመወዛችን የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የሥልጠናው ወጪ ግን በአብዛኛው የመጣው ከውጭ ነው፤ ግሎባል ፈንድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የጤና ፈንድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአሜሪካ መንግሥት። ፔፕፋር የሚባለው የአሜሪካ የኤች አይ ቪ ዕርዳታ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታወጅ ለ5 ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር የተያዘለት ነበር፤ ኢትዮጵያም ቅድሚያ ከተሰጣቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ሥራውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በክልል ተከፋፈሉት። ኮሎምቢያ ኦሮሚያን፣ ሶማሌን፣ ሐረሪንና ድሬዳዋን ያዘ። ጆንስ ሆፕኪንስ አዲስ አበባን፣ ደቡብን፣ ጋምቤላንና ቤንሻንጉልን። እኛ ጋ የመጣው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አይ-ቴክ ነው፤ አማራ፣ ትግራይና አፋር የእሱ ድርሻ ነበሩ። የሳንዲያጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያና ከፖሊስ ጤና ተቋማት ጋር ሠራ። የከፈለው ያው የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። ከእነሱ መካከል ዲሲና ሜሪላንድ ታክሲ የሚነዳ፣ አረጋውያን የሚንከባከብ የራሳችን ሰው እንዳለ አትርሱ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ይህኛው ግን ሰው አድኗል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቃሬዛ ላይ ተኝተው የመጡ ሰዎች ከወራት በኋላ በእግራቸው መጥተው ቀጠሮ አሳልፋችሁብኛል ብለው ሲቆጡን የነበረበት ጊዜ ነው።

ሥልጠና ግን አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ስንሠለጥን መድኃኒት የምናስጀምረው ሲዲፎር የሚባለው የደም የመከላከያ ሕዋስ ቁጥሩ ከ200 በታች ለሆነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት 350 አለ። በ2013 ደግሞ 500። በ2015 ቁጥሩ ቀረና ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምር ተባለ፤ እኛም ብዙ ሳንቆይ ተከተልን። በመሃል ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን ይውሰዱ ተባለ። ስታቩዲን ወጣ፣ ዶሉቴግራቪር ገባ፣ ሲዲፎርን ስንከታተል ቆይተን ወደ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ወዳለው የቫይረስ መጠን ዞርን። እያንዳንዱ ለውጥ አዲስ መመሪያ ነው፤ እያንዳንዱ መመሪያ አዲስ ሥልጠና ነው። በዚህ ላይ የሠለጠነው ሰው ይዛወራል፣ ይለቃል። አምና የተሟላ ቡድን የነበረው ጤና ጣቢያ ዘንድሮ ከዜሮ ይጀምራል።

አሜሪካ ራሷን ተመልከቱ። የራሷን ሐኪሞችና ነርሶች በኤች አይ ቪ ሕክምና የሚያሠለጥኑ ማዕከላት በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ ወዲህ አሥርት ዓመታት ሲያልፉም ፕሮግራሙ አልተዘጋም። ይህን በጀት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው አይ-ቴክ በ2002 ሲመሠረት ገንዘብ ከሰጡት አንዱ። ያን ያህል ሐኪም ያለው አገር ሥልጠናን መደበኛ ወጪ አድርጎ ከያዘ፣ እኛ እንደ ፕሮጀክት የምናየው በምን ሂሳብ ነው? የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊያውሉ ቃል ገብተው ነበር። አብዛኞቹ ዛሬም እዚያ አልደረሱም።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሆነውን እናንተም ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ደርሶባችኋል። ዋሽንግተን የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ይቁም አለች። በቀናት ውስጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ደብዳቤው የወጣው ከራሳችን ጤና ሚኒስቴር ነው፤ የሚከፍልበት በጀት ስላልነበረው። ሕይወት አድን የሚባለው ሥራ እንዲቀጥል በኋላ ፈቃድ ተሰጠ። ግን አንድ ኤአርቲ ክሊኒክ ውስጥ መረጃ የምትመዘግበው፣ የጠፉ ታካሚዎችን ስልክ ደውላ የምትፈልገውና የምታማክረው በአንድ ቀን ከቀሩ፣ ክሊኒኩ መድኃኒት እያለውም ይሽመደመዳል።

እኔ የምፈርደው በለጋሾቹ አይደለም። ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ ፖለቲካውም የእነሱ ነው። የሚቆጨኝ የኛ ነው። ገንዘቡ በብዛት በሚገባበት ጊዜ በምን አዋልነው?

አንዱን ክፍል በሆቴል አዳራሽ አዋልነው። አበል የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ደመወዛችሁ ምን ያህል እንደሆነም አውቃለሁ። አበል ፈልጎ ሥልጠና የሚሄድ ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም፤ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈለው በእሱ ነው። ግን የማይረሳኝ ነገር አለ። አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ለመከላከል በተዘጋጀ ሥልጠና የተላከው ማዋለጃ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር። አዋላጇ ሥራ ላይ ናት፣ ተራው የእሱ ነው ተባለ። ሪፖርቱ ላይ «አንድ ሰው ሠልጥኗል» ተብሎ ተጻፈ። ቁጥሩ ትክክል ነው። በዚያ ሳምንት የምትወልደው እናት ግን ያገኘችው ነገር የለም።

ቁጥር ላይ መንጠልጠሉ ከላይ የመጣም ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ፔፕፋርን ሲያድስ ቢያንስ 140,000 አዳዲስ የጤና ሠራተኞች እንዲሠለጥኑና በሥራቸው እንዲቆዩ ግብ አስቀምጧል። ግቡ ጥሩ ነው። ማሠልጠኑን መቁጠር ይቻላል፤ «እንዲቆዩ» የሚለው ግን ለመቁጠርም ለመፈጸምም ከባድ ነው። ይልቅ እኔ ልብ ያልኩት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአፍሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተሰጠውን 130 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከኛ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተካፍሏል፤ ሐሮማያ፣ ሐዋሳና የመከላከያው ኮሌጅም አብረውት ነበሩ። ተማሪ እያለ የተማረ ሰው ሲመረቅ አውቆ ይወጣል። አበል አይጠይቅም፣ ከታካሚውም አይነሳም።

ውጤት ያመጣውን ከጠየቃችሁኝ፣ ሜንተርሺፕ ነው። በፓወር ፖይንት ሽፍታ ሲታይ አየሁ ይባላል። አጠገብህ ያለችው ሴትዮ ክንድ ላይ ስታየው ግን መቼ እንደምታቆም፣ መቼ እንደምትታገስ ታውቃለህ። ከሆስፒታል አንድ ልምድ ያላት ነርስ ወደ ጤና ጣቢያ ወርዳ ቀኑን ሙሉ አብራ ስትውል የሚያስፈልገው የትራንስፖርትና የምሳ ነው። ይህን ደግሞ ወረዳ ይችላል። ጤና ጣቢያችሁ የውስጥ ገቢ አለው፤ አጠቃቀሙንም ቦርዱ ይወስናል። ለቀለምና ለአጥር ሲመደብ እጃችሁን አውጡና ለሜንተር የሚሆን ጠይቁ። በጀት ማንበብ የሥራ አስኪያጅ ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉት። በማን ገንዘብ እንደምትሠሩ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ። ሲያልቅ ማን እንደሚረከበው ካሁኑ ይጻፍ በሉ።

ወረፋ ሲደርሳችሁ ሥልጠና ሂዱ። ስትመለሱ ግን በዚያው ሳምንት የጠዋት ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ውሰዱና የተማራችሁትን ንገሩ። መመሪያውን ቤት አትውሰዱት፤ ክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ያልሠለጠነው ጓደኛችሁም ይገላልጠው። ሲፒዲ የሚባለው፣ ለሙያ ፈቃድ ማደሻ የሚጠየቀው ተከታታይ ሥልጠና መምጣቱ መልካም ነው፤ ብቻ ወረቀት መሰብሰቢያ እንዳይሆን እፈራለሁ። የማይመለከታችሁ ሥልጠና ላይ ስማችሁ ከተላለፈ የሚመለከታትን ጠቁሙ። ይህ አበሉን ያሳጣችኋል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠቁሙ።

ከታካሚዎቹም ተማሩ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ መድኃኒቱን ለዓመታት የወሰዱ፣ በኋላም አድሄረንስ ሰፖርተር (ሌሎች መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ የሚደግፉ) ወይም እናት ለእናት (እናቶችን የሚደግፉ እናቶች) ሆነው አብረውን የሠሩ ሰዎች እኛ ያልደረስንበትን ያውቃሉ። ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን እንዴት አብሮ እንደሚቀጥል፣ ለባሏ ያልነገረች ሴት ክኒኑን የት እንደምታስቀምጥ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ በቋሚ መዋቅር ስላልተካተቱ ገንዘብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። መንግሥት በራሱ በጀት በሥራ ላይ ማቆየት ካለበት ሰው እኔ ቀድሜ የምጽፈው የእነሱን ስም ነው።

ከእናንተ መካከል የሚሄድ ይኖራል። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ግል ሆስፒታል፣ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ አሜሪካ። በዚህ ደመወዝ ቅሩ ብዬ አልመክርም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ያነሣችሁት ጥያቄ ጥያቄዬም ነው። ግን ውሳኔያችሁን እንደቆረጣችሁ ክሊኒኩ ላይ ሁለት ሰው ምረጡ። አንድ ብቻ አይበቃም፣ እሷም ትሄዳለች። የቫይራል ሎድ ናሙና በየትኛው ቀን በማን መኪና እንደሚሄድ አሳይዋቸው። ከቀጠሮ የቀሩትን ከመዝገብ እንዴት እንደምታወጡ፣ ቫይራል ሎዱ ከፍ ያለበትን ሰው መድኃኒት ከመቀየራችሁ በፊት ምን ምን እንደምትጠይቁት አብረዋችሁ እየሠሩ ይዩ። የመልቀቂያውን ደብዳቤ ከዚያ በኋላ አስገቡ።