ልጄ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ልሁን ይላል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ናቸው። አብዛኞቹን የጻፉልን ልጆቻቸው በሃይስኩል ቡድን የገቡላቸው፣ እነሱ ግን ጨዋታውን ገና የሚለምዱት ወላጆች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን መርጠናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ክብደቱ 98 ኪሎ ነው። አሰልጣኙ ተስፋ አለው ይለኛል፤ እሱም ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል የባለሙያዎች ሊግ) እገባለሁ እያለ ትምህርቱን ችላ ብሏል። እውነት ይደርሳል? እኔስ ምን ልከታተል?» (አንዲት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

በአሜሪካ ሃይስኩሎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይጫወታሉ። የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ድርጅት በኤንሲኤኤ ሥር ባለ ኮሌጅ የሚጫወቱት ከ100 ልጆች 7 ያህሉ ናቸው። ከኮሌጅ ተጫዋቾች ደግሞ ለድራፍት (ቡድኖች ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን ለሚወስዱበት ዓመታዊ ምርጫ) ከሚበቁት ወደ ኤንኤፍኤል የሚያልፉት 1.6 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህን ለልጅዎ በግልጽ ይንገሩት፤ ነገር ግን «ተወው» ለማለት አይጠቀሙበት። ሊነግሩት የሚገባው ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ትምህርቱን የተወ ልጅ ፉትቦሉንም ያጣል። በሊጉ ደንብ መሠረት አንድ ልጅ ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለድራፍት አይቀርብም። እነዚያን ዓመታት የሚያሳልፈው ኮሌጅ ነው፣ ኮሌጅ የሚያስገባው ደግሞ ውጤቱ ነው።

ለዲቪዥን አንድ (ለከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ) 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ፦ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሒሳብ (ከአልጀብራ 1 ጀምሮ)፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ 2 ዓመት የኅብረተሰብ ሳይንስ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ 1 ተጨማሪ ዓመት፣ እና ሌሎች 4። የእነዚህ ኮርሶች አማካይ ውጤት ከ2.3 መውረድ የለበትም። ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ እነዚያን ኮርሶች ደግሞ ወስዶ ውጤት ማሻሻል አይቻልም። 12ኛ ክፍል ላይ ነቅቶ «አሁን አጠናለሁ» የሚል ልጅ ዘግይቷል። ልጅዎ 16 ዓመቱ ስለሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ካውንስለር ይሂዱና የኮርሶቹን ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከልም ያስመዝግቡት።

ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጡ ልጆች ሁለት ነገር እንጨምር። ለጀማሪዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ከዋና ኮርስ አይቆጠርም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አገር ቤት የተማሩበት ውጤትም ይጠየቃል፤ ሰነዱ በአማርኛ ከሆነ ዋናው ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር መቅረብ አለበት። አገር ቤት የተማረ ልጅ ያለው ቤተሰብ ወረቀቱን አሁኑኑ ያስወጣ፤ ብዙ ወራት የሚፈጅ ነገር ነው።

የአሰልጣኝ የቃል ተስፋ ማንንም አያስርም። ሁሉም ኮሌጅ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ ዲቪዥን ሦስት ጭራሽ አይሰጥም። የተጻፈና የተፈረመ ነገር እስኪያዩ ድረስ ሌሎች ኮሌጆችን አይዝጉ።

«ልጃችን ፍልሰታን ይጾማል። የቡድኑ ልምምድ ግን የሚጀምረው ልክ ጾሙ ሲገባ፣ በነሐሴ ሙቀት ነው። 90 ኪሎ ይመዝናል። ጾሙንም ቡድኑንም እንዲተው አንፈልግም።» (አባትና እናት፣ ዳላስ አካባቢ)

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ልምምድ አደገኛዎቹ ቀናትም እነዚሁ ናቸው፤ ገላው ሙቀቱን ገና አልለመደም። የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ተጫዋች የነበረው ኮሪ ስትሪንገር በ2001 በልምምድ ካምፕ ሙቀት መትቶት በ27 ዓመቱ የሞተው ኦገስት 1 ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄው በጣም ተሻሽሏል። የሚመከረው፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት በሄልሜት ብቻ፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ፣ ሙሉ ትጥቅ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ነው። የልጅዎ ቡድን ይህን ይከተል እንደሆነ ይጠይቁ።

የጾሙ ምግብ ራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ ከእህልና ከውሃ ተከልክሎ የሚቆይበት ሰዓት ነው። ልምምዱ ጠዋት ከሆነና ልጁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ካልቀመሰ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ከካምፑ በፊት ወደ ንስሐ አባቱ ሄዳችሁ የልምምዱን ሰዓት ነግራችሁ ተማከሩ፤ የሰዓቱን ነገር በሚመለከት መልሱ ከእሳቸው ይምጣ። ከዚያ ለአሰልጣኙና ለቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ንገሩ። ልጁ ደብቆ እንዲጾም ፈጽሞ አትተዉት።

በስፖርት ላይ ያለ ሰው ለ1 ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.4 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ለ90 ኪሎ ልጅ ይህ ከ126 እስከ 180 ግራም ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው፤ አንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 7 ግራም ገደማ። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ ማታ አንድ ጊዜ በልቶ አይሞላም፤ በሚበላበት ሰዓት ሁሉ ምስር፣ ባቄላ፣ ቶፉ፣ ለውዝ እያፈራረቁ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘን። ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.5 ሊትር ያህል ቀስ እያለ ይጠጣ፤ ጨው ያለበት ምግብም ይብላ፤ ባዶ ውሃ ብቻ ከመጠን በላይ መጠጣት የደም ሶዲየምን አውርዶ ራሱን የቻለ አደጋ ያመጣል። በማግስቱ ጠዋት ከ2 በመቶ በላይ (ለእሱ 1.8 ኪሎ) ጎድሎ ከተገኘ ለአሰልጣኙና ለሕክምና ባለሙያው ሳይነግር ሜዳ እንዳይገባ። ልጁ ከተደናገረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ አምቡላንስ እስኪመጣ ዝም ብሎ አይጠበቅም፤ ወዲያው በበረዶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ገንዳው ሜዳው አጠገብ ተዘጋጅቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ለሙስሊም ቤተሰቦችም፦ ሁሴን አብዱላህ በኤንኤፍኤል እየተጫወተ፣ ረመዳን ከልምምድ ካምፕ ጋር ሲገጥም ይጾም ነበር። ያን ያደረገው ግን ከቡድኑ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ዕቅድ አውጥቶ ነው።

«20 ዓመቴ ነው፣ ዲስከስ ወርዋሪ ነኝ። ፉትቦል ተጫውቼ አላውቅም። ለእኔ የሚሆን መንገድ አለ?» (አዲስ አበባ)

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግን ሰው ሄዶበታል። ክርስቲያን ኦኮዬ በናይጄሪያ ኤኑጉ የተወለደ ዲስከስ ወርዋሪ ነበር። በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው አዙሳ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የሄደው በአትሌቲክስ ስኮላርሺፕ ነው። ለ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አገሩ ሳትመርጠው ስትቀር በ23 ዓመቱ ፉትቦል ጀመረ። በ1987 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ በሁለተኛው ዙር በአጠቃላይ 35ኛ አድርጎ መረጠው። በ1989 በ370 ሩጫ 1,480 ያርድ ሮጦ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ወደ 118 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአጭር ርቀት እንደ ሯጭ ሲፈተለክ ተከላካዮች አንድ በአንድ ሊያቆሙት አልቻሉም። ሆኖም ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች በየጨዋታው በተደጋጋሚ የሚመታ ነውና ጉዳቱ ከስድስት የውድድር ዘመን በላይ አላቆየውም፤ ከ1992 በኋላ አቆመ።

ዛሬ ሁለተኛ በር አለ፤ ሊጉ ከ2017 ጀምሮ ለውጭ አገር ስፖርተኞች ያቋቋመው ፕሮግራም። አውስትራሊያዊው ጆርዳን ማይላታ ከራግቢ መጥቶ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት በ2018 ፊላደልፊያ ኢግልስ በ7ኛው ዙር 233ኛ አድርጎ ወሰደው። ሁለት የውድድር ዘመን ሜዳ ሳይገባ ተማረ፣ በ2020 ጀመረ፣ በፌብሩዋሪ 2025 የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። ሊጉ ከ2022 ጀምሮ በአፍሪካም የምልመላ ካምፕ ያካሂዳል፤ የመጀመሪያው ጋና ነበር፣ የሚመራውም የቀድሞው የጃየንትስ ተጫዋች ኦሲ ኡመንዮራ ነው። ከ2024 ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን በልምምድ ስብስቡ (አብረው እየተለማመዱ አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ በማይሰለፉት ዘንድ) ለውጭ ተጫዋች አንድ ተጨማሪ ቦታ አለው።

ራስህን መለካት የምትችለው እዚያው ሆነህ ነው። መልማዮች የሚያዩት የ40 ያርድ (36.6 ሜትር) ሩጫ፣ ቆሞ ወደ ላይና ወደ ፊት መዝለል፣ አቅጣጫ እየቀያየሩ መሮጥ፣ እና በጀርባ ተኝቶ 102 ኪሎ ስንት ጊዜ መግፋት እንደሚቻል ነው። ከሁሉም በፊት 36.6 ሜትሩን በትክክል ለክተህ፣ ከጎን በቪዲዮ እያስቀረጽክ ሩጥ። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ስለሚፈጥን ያገኘኸውን ቁጥር አትመነው። ከ110 ኪሎ በላይ ሆነህ ከ5 ሴኮንድ በታች ከሮጥክ ጉዳዩን በቁም ነገር ያዘው። ካልሆነ የዲስከስ ውጤትህ ይዞህ የሚሄደው የኮሌጅ ትምህርት ራሱ ትልቅ ነገር ስለሆነ እሱን ተከታተል።

«ልጄ ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ‹ደህና ነኝ› ይላል። ሄልሜቱ ውድ ነው፤ አያድነውም?» (ሲያትል)

ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ይከላከላል። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የሚደርሰውን ጉዳት፣ ኮንከሽን የሚባለውን፣ ግን አያስቀርም። የእርስዎ ግዛት ዋሽንግተን በ2009 የላይስቴት ሕግን አወጣች። ከተመታ በኋላ ወደ ጨዋታ ተመልሶ ከባድ የአንጎል ጉዳት በደረሰበት ልጅ የተሰየመ ነው፤ ሌሎቹም ግዛቶች ሁሉ ተከትለዋል። ሕጉ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው እንዲወጣና ያለ ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይመለስ ያዛል። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃሉን አይቀበሉ፤ ቦታውን ላለማጣት የሚደብቁ ልጆች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሳይድን የሚመጣ ሁለተኛ ምት በዚህ ዕድሜ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ የዓይኑ ብሌኖች እኩል ካልሆኑ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ለመንቃት ካስቸገረ 911 ይደውሉ። ይህ ከሌለ አንድ ሁለት ቀን ያህል ይረፍ። ቀጥሎ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ብቻውን ሩጫ፣ ከዚያ ንክኪ የሌለው ልምምድ፣ ከሐኪም ፈቃድ በኋላ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የዕድሜ ልኩን አደጋም ልንሸፍነው አንፈልግም። ናይጄሪያዊው የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በ2002 የፒትስበርግ ስቲለርሱን ማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ ሲቲኢ የተባለውን፣ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣውን የአንጎል በሽታ አገኘ፤ ዌብስተር አራት ሱፐር ቦውል አሸንፎ በ50 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው የ111 የቀድሞ ኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎሎች በ110ሩ ላይ በሽታው ተገኝቷል። አንጎሎቹን የለገሱት ብዙዎቹ ምልክት ያዩ ቤተሰቦች ስለነበሩ ቁጥሩ ለሁሉም ተጫዋች አይሠራም፤ ግን ችላ የሚባልም አይደለም። ጉዳቱ የሚከማቸው በኮንከሽን ብቻ ሳይሆን በዓመታት ውስጥ በሚደጋገሙ ቀላል ምቶችም ጭምር ነው። ታናናሽ ወንድሞች ካሉት እስከ 14 ዓመታቸው ባንዲራ በመንጠቅ የሚጫወተውን ፍላግ ፉትቦል ይጫወቱ፤ ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የገባውም እሱ ነው።

«ሚሊዮኖች ይከፈላቸዋል ይባላል። ታዲያ ብዙዎቹ ለምን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ?» (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

በዜና የሚነገረው የውሉ ጠቅላላ ድምር ነው፤ ተጫዋቹ ቤቱ የሚያስገባው በጣም ያነሰ ነው። በ2025 የአዲስ ተጫዋች ዝቅተኛ ደሞዝ 840,000 ዶላር ነበር። ይህ ለ18 ሳምንት ተከፋፍሎ የሚታሰብ፣ ለሳምንት ወደ 46,700 ዶላር የሚሆን ነው። ከ6ኛው ሳምንት በኋላ የተሰናበተ ልጅ ያገኘው 280,000 ዶላር ነው፣ ያውም ከግብር በፊት። የፌዴራሉ ግብር በላይኛው እርከን 37 በመቶ ነው፣ ወኪሉ እስከ 3 በመቶ ይወስዳል። በተጨማሪ ቡድኑ የሚጫወትባቸው ግዛቶች እዚያ ለሠራባቸው ቀናት የየራሳቸውን ግብር ይጠይቃሉ፤ ቤቱ የግዛት የገቢ ግብር በሌለባት ቴክሳስ ቢሆንም ካሊፎርኒያ ሲጫወት ይከፍላል።

አብዛኛው ደሞዝ ዋስትና የለውም። በውል ሲደራደሩ መጠየቅ ያለበት «ስንቱ የተረጋገጠ ነው? የፊርማው ክፍያ ስንት ነው?» የሚለው ነው። በኦገስት መጨረሻ ቡድኖች ከ90 ወደ 53 ተጫዋች ይወርዳሉ፤ በ32 ቡድኖች ሲባዛ 1,184 ቦታ ማለት ነው። የተወሰኑት ወደ ልምምድ ስብስብ ይመለሳሉ፤ እዚያ በ2025 የአዲስ ተጫዋች ክፍያ በሳምንት 13,000 ዶላር ነበር፣ በማንኛውም ሳምንትም መሰናበት አለ።

የተጫዋቾቹ ማኅበር እንደሚለው የአንድ ተጫዋች አማካይ ዕድሜ በሊጉ 3.3 ዓመት ገደማ ነው። ሁሉም ስሌት ከዚህ መነሳት አለበት። ጡረታ የሚያስገኘው ሦስት የተቆጠሩ የውድድር ዘመናት ሲሞሉ ነው፤ አንዱ ዘመን እንዲቆጠር ቢያንስ በሦስት ጨዋታ ሙሉ ደሞዝ ላይ መገኘት ያስፈልጋል፣ በልምምድ ስብስብ ብቻ ያለፈ ዓመት አያበቃም። ይህን ያሟላ ተጫዋች ካቆመ በኋላ ለአምስት ዓመት የጤና መድን ይኖረዋል፤ ያላሟላው አይኖረውም።

ከሚያከስሩት ነገሮች የመጀመሪያው፣ በ22 ዓመት የመጣ ገንዘብ ሁልጊዜ እንደሚመጣ ቆጥሮ ለዘመድ ለወዳጅ ቤትና መኪና መግዛት ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ጫና ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ ተነጋግሮ በዓመት የሚረዳውን መጠን ቢወስን ልጁን ከጭንቀት ያድነዋል። ሁለተኛው ለግብር አለማስቀመጥ ነው፤ ገንዘቡ ሲገባ ግማሹን በሌላ ሒሳብ መለየት ይበጃል። ሦስተኛው ወኪሉ፣ የገንዘብ አማካሪውና የሒሳብ ሠራተኛው አንድ ሰው ወይም ጓደኛሞች መሆናቸው ነው። ሦስቱ የተለያዩ ይሁኑ፤ ወኪሉ በተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ መሆኑ ይጣራ፤ ከባንክ ገንዘብ የማውጣት ውክልናም ለማንም አይሰጥ።