ብርቱካን የማን ስም ነው?

«ብርቱካን የሚለው ቃል ከፖርቱጋል የመጣ ነው ወይ? አውሮፓውያንስ እንዲሁ ይሉታል?» ብለው ለጠየቁት፦

አዎ፣ ከፖርቱጋል ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው በዐረብኛው «ቡርቱቃል» በኩል ነው። ጣፋጩን ዝርያ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በማስፋፋት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ስለነበራቸው ፍሬው በአገራቸው ስም ተጠራ። ግሪኮች «ፖርቶካሊ»፣ ቡልጋሮችም «ፖርቶካል» ይሉታል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው በዚህ ስም አለመጥራታቸው ነው! እነሱ «ላራንዣ» ነው የሚሉት። ይህ ቃል ከስፔኖቹ «ናራንኻ» ጋር ከዐረብኛው «ናራንጅ» ይመዘዛል፤ የዐረብኛው ከፋርስ፣ የፋርሱም ከጥንቱ የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት። ጣልያንኛ የመጀመሪያዋን «ና» ወደ «አ» ለውጦ «አራንቻ» አለው። የትግርኛው «ኣራንሺ» ከዚሁ ከጣልያንኛ የተወሰደ ነው፤ አስመራ ገበያ ገብቶ ብርቱካን የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። ፈረንሳይኛው «ኦራንዥ» በ«ኦ» የጀመረው «ኦር»፣ ማለትም ወርቅ፣ የሚለው ቃል ተጭኖት ነው ይባላል፤ የፍሬውን ቀለም ላየ ሰው አሳማኝ ነው።

ሆላንዶች ደግሞ «ሲናስአፕል» ይሉታል፤ የቻይና ፖም ማለት ነው። የሰሜን ጀርመኖቹ «አፕፍልዚነ» እና የሩሲያው «አፔልሲን»ም ትርጉማቸው ያው ነው።