ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መጽሐፍ ናቸው። ክረምቱ ስለገባ ይመስለኛል። ዝናብ ሲጥል የት ይኬዳል?

ጥያቄ፦ ካፌ ቁጭ ባልኩበት አዟሪ መጽሐፍ ከምሮ ይመጣል። ሁሉንም "አሪፍ ነው" ይለኛል። ስንቱን ገዝቼ አሥር ገጽ ሳልደርስ ተውኩት! እንዴት ልምረጥ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በአዟሪው አትፍረድ፣ እንጀራው ነው። የጀርባውን አስተያየት ግን አትመን። ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት የደራሲው ወዳጆች ናቸው። እኔም ሁለቴ ጽፌያለሁ፤ አንዱን መጽሐፍ እንኳ ሳልጨርሰው። የመጀመሪያውንም ገጽ ዝለለው። ደራሲ ሁሉ እሱን አሥሬ አሽቶ ነው የሚያወጣው። መሃሉን ግለጥና ሰዎች የሚያወሩበትን ቦታ ፈልግ። አባትና ልጅ እንደ ዜና አንባቢ የሚነጋገሩ ከሆነ መልስለት። ማኪያቶህ መቀዝቀዙን ሳታውቅ ገጹን ከገለበጥክ ግን ክፈል።

ወረቀቱንም እየው። ተፈላጊ መጽሐፍ ያለ ደራሲው ፈቃድ ይባዛል፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ገጽ የጎደለው ይገጥምሃል። አንዴ የወንጀል ልብ ወለድ ገዝቼ የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች የሉም። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከጀርባ በታተመው ዋጋ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎ ካየህ ደግሞ ለመከራከር አትፈር።

ጥያቄ፦ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ጓደኞቼ ሲያወሩ ያነበብኩ እመስላለሁ። ምን ይሻለኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እንዳንቺ የሚያስመስለው ስንት ነው መሰለሽ! መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃምን ኑሮ ሳይቸኩሉ ነው የሚተርኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ እየተገፉ አይሆንም። እስቲ በጆሮሽ ሞክሪው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ አለ። ብዙ ወላጆቻችን በዛብህንና ሰብለወንጌልን ያወቋቸው በዚያ ድምፅ ነው። ሽንኩርት እየከተፍሽ ስሚው። ጉዱ ካሳ አፉን ሲከፍት ቢላዋውን ማስቀመጥሽ አይቀርም፤ ከዚያ መጽሐፉን ራስሽ ትፈልጊዋለሽ። ካልሆነም ተይው። ትምህርት ጨርሰሻል፣ ማንም አይፈትንሽም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ልብ ወለድ ጊዜ ማባከን ነው፤ ራስን ስለመለወጥ የሚያወሩትን አንብቢ" ይለኛል። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ቅዳሜና እሁድ የሚያየው የእንግሊዝ ኳስ እሱን ምን ለወጠው? እኔ አልኩ እንዳትዪ ብቻ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑ አልገፋ ብሏቸዋል። ምን ልግዛላቸው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ የእሳቸው ዘመን ሰው የጻፈው ግለ ታሪክ። የሠሩበትን መሥሪያ ቤት ወይም ያደጉበትን አገር የሚያነሳ ከሆነ የበለጠ። "እንዲህ አይደለም፣ እኔ እዚያው ነበርኩ!" እያሉ በእስክሪብቶ ያርሙታል። ፊደሉ ደቃቅ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የመጽሐፍ ዋጋ አይቀመስም። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ እውነትህን ነው። ቁልቁል አራት ኪሎ ውረድ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ለማንበብ አይከፈልም። መታወቂያህን ያዝ። እኛ ተማሪ ሳለን በቀን ሳንቲም እየከፈልን ከሱቅ እንከራይ ነበር። ቶሎ መመለስ ስላለብን ሌሊቱን በሻማ እንጨርሰዋለን። አሁን ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ አንዳንድ ግዙና ተቀያየሩ። ስምህን ግን በትልቁ ጻፍበት። እግረ መንገዴን፦ የኔን የአጭር ልብ ወለድ መድበል አምና የወሰድከው ወንድሜ፣ ከጨረስከው መልስልኝ። ገጽ 112 ላይ የታክሲ ሂሳብ የጻፍኩበት ነው፤ አትሳሳተውም።