ናይትራይት ኔጋቲቭ፣ ፐስ ሴል 8–10፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲፕሮ፦ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ሽንት እያቃጠለሽ የሽንት ምርመራ ውጤትሽን ለጥፈሽ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስለታዘዘልሽ ሲፕሮ (የባክቴሪያ መድኃኒት) ጠይቀሻል። ከለጠፍሽው ወረቀት ላይ ማንም ያላነበበልሽ መስመር አለ፦ «ኤፒተልያል ሴል፦ ሜኒ»፣ ማለትም የቆዳና የገጽ ሽፋን ሕዋስ ብዙ ነው። ላብራቶሪ የምንሠራ ሰዎች ቀድመን የምናየው እሱን ነው። ሽንቱ ከብልት አካባቢ ቆዳና ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ስለዚህ ፐስ ሴሉ (የመግል ሕዋስ፣ ማለትም ነጭ የደም ሕዋስ) ከፊኛሽ ይምጣ ከውጭ መለየት አይቻልም። በዚህ ወረቀት መታዘዝ የነበረበት ሲፕሮ ሳይሆን ድጋሚ ናሙና ነው።

1. አሰጣጥ። እጅሽን ታጠቢ። የብልትሽን ከንፈሮች በጣቶችሽ ከፍተሽ ያዢ፣ ከፊት ወደ ኋላ በንጹሕ ውኃ አጽጂ፣ እስክትጨርሺ አትልቀቂ። የመጀመሪያውን ሽንት ወደ መጸዳጃው ልቀቂው፤ ሳታቋርጪ የመካከለኛውን 20 ሚሊ ሊትር ያህል ተቀበዪ፣ የመጨረሻውን ተዪው። የዕቃውንም የክዳኑንም ውስጥ አትንኪ። ዕቃ በመስኮት አቀብለው «ሽንት አምጪ» ብቻ የሚሉ አሉ፤ ይህን ማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ታካሚዋ ግን ሳምንት ሙሉ የማያስፈልጋትን መድኃኒት ትውጣለች።

2. ሰዓት። ናይትራይት ባክቴሪያ መኖሩን የሚጠቁም ምልክት ነው፤ ባክቴሪያው ሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ለመቀየር ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። አንቺ ደግሞ እያመመሽ በየግማሽ ሰዓቱ ትሸኛለሽ! ስለዚህ ናይትራይቱ ኔጋቲቭ መሆኑ ከኢንፌክሽን ነፃ አያደርግሽም። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። ኢንቴሮኮከስና ስታፊሎኮከስ ሳፕሮፊቲከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ጭራሽ አይቀይሩትም፤ ቫይታሚን ሲ በብዛት ከወሰድሽም ውጤቱን ይደብቀዋል። በአንጻሩ በደንብ በተያዘ ናሙና ላይ ማቃጠልና ናይትራይት ፖዘቲቭ አንድ ላይ ከመጡ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ከቤት ይዘሽ ከመጣሽ በ2 ሰዓት ውስጥ አድርሺ፣ ካልሆነ ፍሪጅ አስገቢው፤ ካልቀዘቀዘ ባክቴሪያው እዚያው ዕቃው ውስጥ ይራባል።

3. ካልቸር። ሲፕሮ ወስደሽ ካልተሻለሽ አራተኛ ሲፕሮ ከመጀመርሽ በፊት «ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ ይሠራልኝ» በዪ፤ ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማየት ነው። ናሙናው ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ይሰጥ፤ አንድ ፍሬ ከዋጥሽ በኋላ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል። እድገቱን ለማየት ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ የመድኃኒቱን ዝርዝር ለማግኘት ተጨማሪ ቀን ይወስዳል። ሲፕሮን የለመደ ኢ ኮላይ (ብዙውን ጊዜ ይህን ሕመም የሚያመጣው ባክቴሪያ) ብዙ ነው፤ ሦስት ጊዜ ያለ ካልቸር መደጋገም ለእኔ ትልቁ ጥፋት ነው። ኢንፌክሽን ነው ለማለት በሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ የሚባለውን ቁጥር ሰምተሽ ይሆናል፤ እንዳንቺ ምልክት ላላት ሴት ግን 1,000 ኢ ኮላይም ትርጉም አለው፣ «ትንሽ ነው» ብለው ከመለሱሽ ሐኪሙን ጠይቂ። «ሚክስድ ግሮውዝ» (የተለያየ ባክቴሪያ አብሮ በቅሏል) ካለ አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ተበክሏል ማለት ነው፣ እንደገና ስጪ። ፐስ ሴል እያለ ምንም ካልበቀለ ደግሞ ክላሚዲያ (በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ይታይልሽ፤ ማሳከክና ፈሳሽ ካለሽ የብልት ፈሳሽ ምርመራም ጠይቂ።

ማቃጠል የሌላት፣ ባክቴሪያ ብቻ የተገኘባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልጋትም። እርጉዝ ከሆነች ግን ያስፈልጋታል፤ አንቺም እርጉዝ ከሆንሽ ሲፕሮ ከመዋጥሽ በፊት ንገሪያቸው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ከጀመረሽ ካልቸሩን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።