ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አምቡላንስ እያለ የእናቶች ማቆያ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጅማ ከተማ በኪራይ ቤት ሲሆን፣ ቡና መጋዘን ውስጥ በቀን ሒሳብ ቡና እለቅማለሁ። ታናሽ እህቴ ዴዶ ወረዳ ገጠር ትኖራለች፤ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ሁለተኛውን ግን እቤት በሰላም ተገላግላለች። የቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ወዳለው የእናቶች ማቆያ፣ ማለትም ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው እስኪደርስ ወደሚያርፉበት ቤት፣ አስቀድማ እንድትገባ ነግራታለች። ባለቤቷ ደግሞ «አምቡላንስ ሲደወልለት ይመጣል፤ ቤቱንና ልጆቹን ለማን ጥላ ነው የምትሄደው?» ይላል። የጤና መድን መታወቂያዋን ዘንድሮ ስላላሳደሰች ወጪውም ያሳስበኛል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ለእኛ ለድሆቹ ነው የታሰበው ወይስ ለሪፖርት?

መልስ፦ እህትዎ ምጥ ሳይመጣ መሄድ አለባት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው የምትቆይበትን ቦታ በተመለከተ ነው። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ማኅፀኗ ላይ ጠባሳ ይኖራል፤ ይህ ጠባሳ በምጥ ጊዜ የሚቀደደው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ በተቀደደ ጊዜ እናትንም ልጅንም የሚያተርፈው በአስቸኳይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ደም ብቻ ነው። ሁለተኛው ልጅ በሰላም መወለዱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለሦስተኛው ግን ዋስትና አይሆንም። ጤና ጣቢያ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ስለማያደርግ፣ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ ትመርመርና የሪፈር ወረቀት ይዛ ኦፕራሲዮን ወደሚደረግበት ሆስፒታል ትምጣ። ቀኗ እስኪደርስም በሆስፒታሉ ማቆያ ካለ በዚያ፣ ከሌለ ደግሞ ቤትዎ ጠባብም ቢሆን እርስዎ ዘንድ ትቆይ።

ባለቤቷ ስለ አምቡላንስ ያለውን አላጣጥልም፤ ብዙ እናቶችን ያተረፈ አገልግሎት ነው። ነገር ግን የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ለይተው ያስቀምጣሉ፦ ቤተሰቡ እንሂድ ብሎ እስኪወስን የሚጠፋው ጊዜ፣ ጤና ተቋም እስኪደረስ የሚጠፋው ጊዜ፣ ተቋሙ ከተደረሰ በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪገኝ የሚጠፋው ጊዜ። አምቡላንስ የሚያቃልለው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም ስልኩ ኔትወርክ ካገኘ፣ መኪናው ሌላ ቀበሌ ካልሄደ፣ መንገዱም ካልጨቀየ ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ እንደሚያውቁት ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። መኪና ከማይገባበት ሰፈር ጎረቤት ተሰብስቦ ወላዷን በቃሬዛ እስከ አስፋልት ሲያወርዳት የሚያልፈውን ሰዓት ያስቡት፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

«ልጆቹን ለማን ጥላ?» የሚለው ጥያቄ ግን የእኛን የሐኪሞችን ጆሮ ይበልጥ የሚፈልግ ነው። ተማሪ ሳለሁ ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ ተልከን ቤት ለቤት መጠይቅ እንሞላ ነበር፤ «ጤና ጣቢያ ያልወለዱት ለምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ሥር ያዘጋጀናቸው ምርጫዎች «ሩቅ ነው»፣ «ገንዘብ የለኝም»፣ «ጥቅሙን አላውቅም» የሚሉ ነበሩ። አንዲት እናት እንሰት እየፋቀች ቀና ብላ «ላሟን ማን ያልብልኛል?» አለችኝ። እኔም ምርጫው ውስጥ ስላላገኘሁት «ጥቅሙን አላውቅም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሴትዮዋ ግን ጥቅሙን አሳምራ ታውቅ ነበር፤ ላሟ ደግሞ የልጆቿ ራት ነበረች። ዛሬም ድረስ ያ ምልክት ይቆረቁረኛል።

ማቆያ ቤቶቹ ሥራቸውን የሚሠሩት ይህን ዓይነቱን ወጪ ሲቆጥሩ ነው። አንዳንዶቹ ሄደው ቢያዩዋቸው ፍራሽ የተነጠፈባቸው ባዶ ክፍሎች ናቸው፤ ሌሎቹ ውስጥ ግን የአካባቢው ሰው ካዋጣው እህል ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ አስታማሚ እናት ወይም እህት አብራ ታድራለች። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጎማ፣ በቀርሳና በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎች ባካሄደው ጥናት ማቆያ ቤቶችን ከማሻሻል ጎን ለጎን የአካባቢ መሪዎችን፣ የሃይማኖት አባቶችንም ጨምሮ፣ ማሠልጠን ያስፈለገው ሴቲቱ ትግባ አትግባ የሚለው ውሳኔ ክሊኒክ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥና በመንደር ሽማግሌ ፊት ስለሚያልቅ ነው። ስለዚህ የእህትዎን ባለቤት በክርክር ከመርታት ይልቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእሱም ከእናቱም ጋር ቁጭ ብላ ልጆቹን ማን እንደሚጠብቅ በስም እንድትነጋገር ይጠይቋት። እንዲህ ያለው ጉዳይ በእድርም በጎረቤትም ይፈታል፤ ቀኑ ሳይደርስ ከተነሣ ማለቴ ነው።

ለድሆች ነው ወይስ ለሪፖርት ላሉት፣ ሁለቱም አለበት ብል ሐቀኛ መልስ ይመስለኛል። የዌልሱ ሐኪም ጁልያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 እንደጻፈው፣ ጥሩ ሕክምና የሚገኘው ሕክምናው በብዛት ከሚያስፈልገው ሰው ርቆ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከከተማ ወሊዶች ከ100 ወደ 80 የሚሆኑት በጤና ተቋም ሲሆኑ ከገጠር ወሊዶች ግን 20 ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን ዓይነቱን ልዩነት ለማጥበብ መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ሲጀምር፣ አንድ ዓመት ያህል የሠለጠኑ ሁለት ሴቶችን በየገጠር ቀበሌው መደበ፤ ሕመምተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ባለሙያዋ ወደ ደጁ እንድትሄድ ማለት ነው። የሕፃናት ሞት በአገሪቱ በእጅጉ ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ከቀደምቱ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎቹን በየዓመቱ ወደ መንደርና ወደ ጤና ጣቢያ መላኩን የትምህርቱ አካል አድርጎታል፤ ከላይ የነገርኩዎት ዓይነት ስሕተትም የሚታረመው በዚያው ጉዞ ነው።

ቅር የሚለኝ ፕሮግራሞቻችን የገባውን ሰው መቁጠር ሲወዱ ያልገባውን መፈለግ አለመልመዳቸው ነው። በመዝገብ ላይ «ዘንድሮ ይህን ያህል እናቶች በማቆያ ተገለገሉ» ይባላል፤ ያልመጡት እነማን እንደሆኑ፣ የትኛው ጎጥ ጨርሶ እንዳልተጎበኘ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እርስዎን የመሰሉ የቀን ሠራተኞች፣ በኪራይ ቤት የሚኖሩና ለቡና ለቀማ ከሌላ ወረዳ የሚመጡ ሰዎች ከቀበሌ መዝገብ የመውደቅ ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ለጤና መድን የሚመዘገበው ደግሞ ቤተሰብ፣ ያውም በቀበሌ በኩል ነው። በከተማዋ ነዋሪነት ካልተመዘገቡ ለእህትዎ የሚጨነቁትን ያህል ስለራስዎም ቀበሌዎን ይጠይቁ።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም እንዲሁ። መድን አላሳደስሁም ብላ ከመሄድ ልትቀር አይገባም። ሆስፒታል ከደረሰች በኋላ ግን ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ሊታዘዝ፣ ሕፃኑም ሊታመም ስለሚችል መድኑ ቢታደስ ይሻላል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ደረጃ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የዚሁ የጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ደርሷል። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ እጅግ ድሆች በቀበሌ ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ እህትዎ ከእነዚህ ወገን ከሆነች ይህን ጠይቃ ትመዝገብ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ክፍያ እንደሚያስከትል አይርሱ። መድኃኒት የለም ከተባለም ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም እንዲያርፍበት ይጠይቁ፤ ከውጭ ከተገዛ ደረሰኙን ይያዙና ገንዘቡ የሚተካበት አሠራር ካለ ከወረዳው የመድን ክፍል ይረዱ።

ስትመጣ የክትትል ካርዷን፣ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ወረቀት ካላት እሱንም፣ ለራሷና ለሕፃኑ ንጹሕ ልብስ ትያዝ፤ ደም የሚሰጥ የቤተሰብ አባልም ከወዲሁ ታስቦ ይቀመጥ። በዚህ መሐል ደም ከታያት፣ ውኃ ከፈሰሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት ወይም ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ያለ ቀኑ ምጥ ከጀመራት፣ ባሏን ማስፈቀድም ቀጠሮ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ያኔ አምቡላንሱም ይደወልለት፣ ባጃጅም ከተገኘ ትሳፈር።